ክዳን የማያምኑት አያ ሰይድ

«አያ ሰይድ ከሞቱ ወዲህ እዚህ ቤት የሚፈታ እንጂ የሚያይ የለም» አለችኝ ዘነቡ፣ ፊት ለፊቴ ቆማ።

ላፕቶፗን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች። ጠረጴዛው ላይ ልታስቀምጠው አልፈለገችም። ሰው እንዲህ ሲለኝ መልስ አላጣም፤ አፌ ፈጣን ነው፣ መንደሬ ኮሶዬ ላይ ያሳደገኝ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። የዚያን ቀን ግን ዋጥኩት። ዘነቡ ይህን የማለት መብት ነበራት። ከሁለት ዓመት በፊት ማሽኗን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

አያ ሰይድ ካረፉ አርባ ቀን አልሞላቸውም ነበር። የጥገና ሱቃቸውን ቁልፍ የሰጡኝ ባለቤታቸው እትዬ ሐሊማ ናቸው፤ «እስክትወድቂ ሞክሪው» ብለው። እስከዚያ ቀን ድረስ የመጡልኝ ቻርጀር የተቆረጠባቸውና ፓስወርድ የረሱ ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያዋ እውነተኛ ደንበኛዬ ዘነቡ መሆኗ አበሳጨኝ።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«ይቆረጥማል።»

«ምኑ?»

«ሆዱ ነዋ! ቆሎ እንደያዘ ሰው ቀጭ ቀጭ ይላል። ከዚያ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ባለጉዳዩ አፌን እያየ እኔ ስክሪን ሳይ እውላለሁ።»

ዘነቡ ማመልከቻ ጸሐፊ ናት። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር አንድ ትልቅ ጃንጥላ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፕሪንተር፣ ከጎረቤት ሱቅ የተሳበ የመብራት ሽቦ፤ ሥራዋ ይኸው ነው። ከወገራ፣ ከደምቢያ የመጣ ገበሬ የመሬት ክርክሩን ይነግራታል፣ እሷ ትጽፍለታለች። የጻፈችው ሁሉ እዚያ ማሽን ሆድ ውስጥ ተቀምጧል። ከሌላው ጸሐፊ የምትለየውም በዚህ ነው፤ ወረቀቱ የጠፋበት ሁሉ ወደ እሷ ይመለሳል።

«አስቀምጪው።»

«አላስቀምጥም። መጀመሪያ ምን ልታደርጊ እንደሆነ ንገሪኝ።»

አያ ሰይድ ቢኖሩ ይህን ጥያቄ ይወዱት ነበር።

እሳቸው የኮምፒውተር ሰው ሆነው አልጀመሩም። አባታቸው እዚሁ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ልጅየው ጨርቁን መሸጥ ትተው ጨርቅ የሚሰፋውን ማኪና መጠገን ያዙ። ዕድሜያቸውን በዚያ ፈጁት። ከጎንደር እስከ ዛሪማ ያለ ልብስ ሰፊ በሙሉ በስማቸው ያውቃቸዋል። ተሰፍቶ የሚመጣ ልብስ ገበያውን ሞልቶ ልብስ ሰፊው ሲመናመን፣ ፂማቸው ከሸበተ በኋላ፣ አንድ የሞተ ላፕቶፕ ገዙና እየፈቱ እየገጠሙ፣ እየፈቱ እየገጠሙ ተማሩት። ላፕቶፑንም «ማኪና» ነበር የሚሉት። ሰው ሲስቅባቸው፣ «ብሎን አለው? ሽቦ አለው? ሆዱ ውስጥ የሚዞር አለው? ታዲያ ምን ቀረው?» ይላሉ።

ረጅም ናቸው፤ በሩን ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡት። የመነጽራቸው አንዱ እጀታ ተሰብሮ በክር ታስሯል፤ ክሩ ሲያልቅ ሌላ ይጠመጥሙበታል፣ አንድ ወር ቀይ፣ አንድ ወር አረንጓዴ። ሰው ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል። ይህንን ባወቅኩ ጊዜ ጩኸታቸው ናፈቀኝ።

እኔ የአሥረኛ ክፍል ውጤቴ ወደ መሰናዶ አላሳለፈኝም። ጎንደር፣ ቀሐ ሰፈር አክስቴ ዘንድ መጣሁ፣ የሁለት ወር የኮምፒውተር ሥልጠና ወሰድኩ፣ ከዚያ በአምስት ወር ውስጥ ሦስት ሥራ ገብቼ ሦስቱንም ተጣልቼ ወጣሁ። አራተኛው የአያ ሰይድ ሱቅ ነበር። ሰርተፊኬቴን ዘርግቼ ሰጠኋቸው። አላዩትም። ከመሳቢያ ሁለት የስፌት ማኪና መርፌ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩ።

«የትኛው ይረዝማል?»

«እኩል ናቸው» አልኩ ወዲያው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አቁመው አሳዩኝ። አንዱ በግማሽ ስንዴ ያህል ይበልጣል።

«አንቺ ልጅ፣ እጅሽም አፍሽም ከዓይንሽ ይቀድማሉ» አሉኝ። «ነገ ነይ።»

«ቀጠሩኝ ማለት ነው?»

«ነገ ነይ አልኩ። የነገውን ነገ።»

አንድም ቀን «ቀጥሬሻለሁ» ሳይሉኝ ሦስት ዓመት ሠራሁ። ስገባ፣ «የኮሶዬ ነፋስ መጣች፤ ወረቀታችሁን ያዙ!» እያሉ ደንበኛውን ያስቁብኛል። በዐቢይ ጾም ምሳ ሰዓት ላይ ሽሮዬን ስፈታ፣ «ስትጾሚ እጅሽ ይረጋል። ምነው ዓመቱን ሙሉ ብትጾሚልኝ?» ይላሉ። እኔም በረመዳን፣ «አያ ሰይድ፣ እርስዎ ሲጾሙ ደግሞ ይነጫነጫሉ፤ ለእኔ ምነው አያዝኑልኝ?» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ጥቁር ጨርቅ ነበራቸው። ማንኛውም ማሽን ሳይፈታ በፊት ጨርቁ ይዘረጋል። ማሽኑን እላዩ ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በልብስ ሰፊ ጠመኔ ያሰምሩበታል። ከዚያ «ቢስሚላህ» ይላሉ፤ ወደ እኔ ዞረው «አንቺም የራስሽን በይ» ይሉኛል። አማትባለሁ። ከዚያ ካቻቢቴው ይነሳል። እያንዳንዱ ብሎን ሲወጣ በተሰመረው ሥዕል ላይ፣ ከማሽኑ በወጣበት ቦታ ልክ ይቀመጣል። ባለማሽኑ ተቀምጦ ያያል፤ ማየት ግዴታው ነው። ተነስቶ ሊሄድ ሲል፣ «ልብስ ሊሰፋልህ ሄደህ ልክህን ሳትሰጥ ትወጣለህ?» ይሉታል።

ልክ ነበር ቃላቸው። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ የሚዞረውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ አውጥቶ የማይዞረውን ፈጣኑን ማስገባት ጀምሯል። አሮጌ ላፕቶፕ በዚያ ብቻ አዲስ ይሆናል፤ እውነት ነው። ግን ዲስኩ የሚመጣው ከአዲስ አበባ በባስ ነው። ካልሆነ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ አያ ሰይድ ማሽኑን ሳይከፍቱ ለማንም ዲስክ አያዙም። ከፍተው አሮጌውን ያወጣሉ፤ ካሊፐር በሚባለው ባለ ሁለት መንጋጋ መለኪያ ውፍረቱን ይለካሉ፤ አፉን፣ መሰኪያውን ማለት ነው፣ ያያሉ፤ ሁሉንም በቁራጭ ወረቀት ይጽፋሉ። እኔን ደግሞ እንደ ውዳሴ ማርያም ሦስት ጥያቄ አስጠኑኝ።

«ይገባል ወይ?» ማለት፣ የዲስኩ አፍና የማሽኑ አፍ አንድ ነው ወይ። «ይተኛል ወይ?» ማለት፣ ውፍረቱና ርዝመቱ ለቦታው ይሆናል ወይ፤ አንዱ ዲስክ ሰባት ሚሊ ነው፣ ሌላው ዘጠኝ ተኩል፣ በዓይን አይለዩም። «ይግባባሉ ወይ?» ማለት፣ ገብቶ ከተኛ በኋላ ማሽኑ ያውቀዋል ወይ። ሦስተኛው የከፋው ነው፤ ገብቶ፣ ተኝቶ፣ ማሽኑ «ማንም የለም» ሊል ይችላል።

አራተኛ ነገር ነበር፤ እሱን በጥያቄ ሳይሆን በትእዛዝ ነው የነገሩኝ።

«ክዳን አታንብቢ።»

እኛ ከተማ የሚሸጠው ላፕቶፕ አብዛኛው ያገለገለ ነው። የአንዱ ስክሪን ሲሰበር የሌላው ክዳን ይገጠምለታል። ክዳኑ ላይ የተጻፈው ስም የአንድ ማሽን ነው፣ ሆዱ የሌላ። ገዢው አያውቅም፣ ብዙ ጊዜ ሻጩም አያውቅም። ሰው ግን ስልክ ደውሎ የክዳኑን ስም ያነብና፣ «ለዚህ የሚሆን ዲስክ ላኩልኝ» ይላል።

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ክዳን አነበብኩ።

ዓርብ ነበር። አያ ሰይድ ለጁምዓ ሄደዋል። ዘነቡ ከሳምንት በፊት መጥታ ማሽኗ እንደ በሬ እንደሚያዘግም ነግራኝ ነበር፤ «እሱን ለእኔ ተይው» አልኳት። ለአያ ሰይድ አልነገርኳቸውም። ላስደንቃቸው ፈልጌ ነበር። አዲስ አበባ ላለ ሻጭ የክዳኑን ስም አንብቤ ዲስክ አዘዝኩ፤ እንደ ማስቲካ የቀጠነውን አዲሱን ዓይነት። መጣ። ማሽኑን ከፈትኩ። ለእሱ የሚሆን ቀዳዳ አለው! ደስ አለኝ። ዲስኩ ጠርዝ ላይ አንድ ጎዶሎ ጥርስ አለች፤ ከቀዳዳው ጋር አልገጥም አለች። አዲስ ስለሆነ ጠብቆ ነው ብዬ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት።

ቀጭ አለ።

ከዚያ ማሽኑ አልነሳም።

አያ ሰይድ ከመስጊድ ሲመለሱ ማሽኑ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ብሎኖቹ ስኒ ውስጥ ናቸው። ቆመው አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ። ድምፃቸው በጣም ቀነሰ።

«ጨርቁ የታለ?»

ጨርቁ እንደ ታጠፈ መደርደሪያው ላይ ነበር።

ጎንበስ ብለው ቀዳዳውን አሳዩኝ። የዲስክ ቀዳዳ አልነበረም። በሲም ካርድ ለሚሠራ የኢንተርኔት ካርድ የተተወ ቦታ ነው። የክዳኑ ስም የሌላ ማሽን ነበር። ስጫነው ቀዳዳው ተነቅሎ ማዘርቦርዱን፣ ሁሉ ነገር የሚሰካበትን ዋናውን ሰሌዳ፣ ሰነጠቀው።

በዚያው ቅጽበት ዘነቡ በሩ ላይ ደረሰች፤ «አለቀልኝ?» እያለች።

እውነቱን ልናገር፤ ልዋሽ ነበር። «እታለም ዘነቡ፣ ይሄ ማሽን ድሮም…» ብዬ ጀምሬያለሁ።

«ትርንጎ» አሉ አያ ሰይድ። «ልኩን ንገሪያት።»

ልኩን ነገርኳት። ክዳን እንዳነበብኩ፣ እንዳልለካሁ፣ እንደተጫንኩት። ዘነቡ አልጮኸችም። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና፣ «ሰኞ ችሎት አለ። የስድስት ሰው ወረቀት እዚያ ውስጥ ነው» አለች።

አያ ሰይድ አሮጌውን ዲስኳን አወጡ። የካቻቢቴውን ጫፍ ዲስኩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው በሽቦ አስነስተው አዳመጡት። የስፌት ማኪና ብረት ሲያረጅ የሚያዳምጡት እንደዚያ ነበር። «ደህና ናት» አሉ። ከዚያ የራሳቸውን ላፕቶፕ፣ ሱቁ የሚሠራበትን አንድያ ማሽን፣ ገልብጠው ሆዱን ከፈቱ። የዘነቡን ዲስክ አስገቡበት። አፉ ገባ። አልተኛም፤ በሁለት ሚሊ ተኩል ከፍ ብሎ ቀረ፣ የሆዱ ክዳን አይዘጋም። ማሽኑን ሲያስነሱት ትንሽ አንገራገረና የዘነቡ ወረቀቶች በሙሉ ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ።

«ሆዱ ሳይዘጋ ነው ይዤው የምሄደው?» አለች ዘነቡ።

አያ ሰይድ ጥግ ላይ የቆመችውን የስፌት ማኪናቸውን ገለጡ። ከወፍራም ሸራ ለማሽኑ ሆድ ሰፉለት፤ አራት ማዕዘኑ ልክ፣ ነፋስ የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው፣ ዳር ዳሩ ላይ ቁልፍ የተተከለበት፣ ትከሻ ላይ የሚነገት። ሲሰፉ ለእኔ ሳይሆን ለዘነቡ ነበር የሚያወሯት።

«ዱሮ ለአንድ የዛሪማ ልብስ ሰፊ መርፌ ላክሁ። የማኪናውን ስም በሰው ላከብኝ፣ እኔም በስሙ ላክሁለት። መርፌዋ በግማሽ ስንዴ ረዝማ የማኪናውን ሆድ ሰበረችው። የሠርግ ልብስ ይዞ ነበር። የራሴን ማኪና ባስ ጣራ ላይ ጭኜ ዛሪማ ወረድሁ። አራት ቀን እሱ ሲቆርጥ እኔ ስሰፋ ሙሽራይቱን አደረስናት።» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ከዚያ ወዲህ ሳላይ አልክም። የዚች ልጅ ዛሪማ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ማዘርቦርድ እስኪመጣ ወንበርሽ እዚያ ነው። ጃንጥላው ሥር። ማኪናው አንድ ነገር ቢሆን እጅሽ ቅርብ ይሁን።»

«እኔ ጸሐፊ ልሁን?»

«ሰው ሁኚ።»

ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ዘነቡ ደግሞ አልማረችኝም፤ ለመጣ ባለጉዳይ ሁሉ፣ «ይቺ ማናት?» ሲል፣ «የሰበረችብኝ ናት፤ እየጠበቀችው ነው» ትላለች። ባለጉዳዩ ገልመጥ አድርጎኝ ይቀመጣል።

አንድ ቀን ጋቢያቸውን የለበሱ አንድ ሽማግሌ ከወገራ መጡ። ከዓመታት በፊት ዘነቡ የጻፈችላቸው ማመልከቻ ነበር። ወረቀቱን አይጥ በልቶታል። አሁን የወንድማቸው ልጅ «በመሬቱ አልተከራከርክም» ይላቸዋል።

«ስምዎ ማን ነበር፣ አያ?» አለች ዘነቡ።

ነገሯት። ፈለገች። የለም። ሌላ ቦታ ፈለገች። ሽማግሌው በትራቸውን ይዘው ተነሱ።

«ስሜን ካላገኘሽው እኔ የለሁም ማለት ነው፣ ልጄ።»

«ቆዩ፣ ቆዩ…» አለች፤ እኔም ሳላውቀው በሸራው የተሰፋውን የማሽኑን ሆድ በሁለት እጄ ደግፌ ይዣለሁ። ተገኘ። ፕሪንተሩ ወረቀቱን ሲተፋው ሽማግሌው ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብለው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

«ለእኔ ነው ለማኪናው?» አለች ዘነቡ።

«ለሁለታችሁም። ማኪናው አኖረው፣ አንቺ አገኘሽው።»

ማታ ለአያ ሰይድ ነገርኳቸው። «ደግ» ብቻ አሉ። በነጋታው ግን ካሊፐሩን ከመሳቢያቸው አውጥተው እኔ መሳቢያ ውስጥ አኖሩት።

ማዘርቦርዱ ከሌላ ማሽን ተገኝቶ መጣና የዘነቡ ማሽን ተነሳ። አሮጌው ዲስክ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዘነቡ፣ «ቢያዘግምም ይሻለኛል፤ ከእንግዲህ ማንም አይነካብኝም» ብላ ሄደች። የሸራውን ሆድ መለሰችልን። አያ ሰይድ ግድግዳው ላይ በምስማር ሰቀሉት። ስቸኩል ባዩኝ ቁጥር በአገጫቸው ወደ እሱ ያመለክቱኛል።

የታመሙት በመጨረሻው ክረምት ነው። ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ አጠገባቸው ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ማራገቢያ ይንቃቃል። «ካቻቢቴ ይዘሻል?» አሉኝ በቀጭን ድምፅ። የተቆጡ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ድክመት ነበር። «የዚያን ነገር ብረት ባዳምጠው። ሌሊቱን ሙሉ እየጠራኝ ነው።» ነርሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ስነሳ እጄን ያዙኝና፣ «ጨርቁን እጠቢው» አሉ። «ጠመኔ ሲደራረብ መስመር ያሳስታል።»

ከዚያ በኋላ አላናገርኳቸውም።

እንግዲህ ዘነቡ ፊቴ ቆማ፣ «ምን ልታደርጊ እንደሆነ ንገሪኝ» ስትለኝ፣ ከመደርደሪያው ጥቁሩን ጨርቅ አወረድኩና ዘረጋሁት።

አየችው። በጣቷ ዳሰሰችው።

«አጠብሽው?»

«አጠብኩት።»

ማሽኑን እላዩ ላይ አኖረችው።

በጠመኔ አሰመርኩ። አማተብኩ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ በየቦታቸው ደረደርኩ። እጄ ይቸኩላል፤ ያዝኩት። የካቻቢቴውን እጀታ ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ፣ ከዚያ ለዘነቡ ሰጠኋት። አዳመጠችና ፊቷ ተለወጠ።

«እየሞተ ነው?»

«እየሞተ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የማስነሳው። ምኑን መጀመሪያ ላውጣ?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም ላይሰጠን ይችላል። ቅደም ተከተል ስጪኝ።»

ከንፈሯን ነከሰች። «ዘንድሮን። ከዚያ አምናን።»

በፍላሽ መገልበጥ ጀመርኩ። ዘንድሮ ወጣ። አምና ወጣ። ካቻምና ላይ ሲደርስ ቀጭ ቀጭ አለና ቆመ። አጠፋሁት።

«የቀረውስ? የዚያ የወገራው ሽማግሌ ዘመን?»

«እዚያው ውስጥ ነው። ዛሬ አላስጨንቀውም። ማሽኑ አዲስ ዲስክ ሲያገኝ፣ ይሄ አሮጌው አርፎ በቀዘቀዘ ጊዜ ቀስ ብለን እናወጣዋለን። አሁን ደግሜ ባስነሳው ግን ለዘላለም ልናጣው እንችላለን።»

አሮጌውን ለካሁት፤ ዘጠኝ ተኩል። ሱቁ ውስጥ ለሙከራ የተቀመጠ አዲስ ዓይነት ጠፍጣፋ ዲስክ ነበር፤ ሰባት ሚሊ። አፉ ገባ። ከላዩ ቀጭን የፕላስቲክ ክፈፍ ጨመርኩለትና ተኛ። ዘነቡ ፈገግ ልትል ስትል ማሽኑን አስነሳሁት። ስክሪኑ ጥቁር ሆነና ዲስክ የለም አለ። ሁለተኛ ሞከርኩ። የለም። ሆዱ የአንዱ፣ ክዳኑ የሌላው፣ ማዘርቦርዱ የሦስተኛ ማሽን ነው፤ ማን ከማን እንደሚግባባ በምን ይታወቃል? ያን ሰሞን ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ስለነበር አይቼ ላረጋግጥ አልቻልኩም። አዲስ አበባ ላለው ሻጭ ደወልኩ።

«እህት፣ ይሄኛው ሁሉም ላይ ይሠራል! በመጀመሪያው ባስ ልላክልሽ?»

«ሁሉም የሚባል ማሽን እጄ ላይ የለም» አልኩና ዘጋሁት።

ዘነቡ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። «ይገባል ወይ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ከአያ ሰይድ ሰምታ ይዛው ኖሯል።

«ይገባል።»

«ይተኛል ወይ?»

«በክፈፉ ይተኛል።»

«ይግባባሉ ወይ?»

«እሱን በዚህ ማሽን ላይ ሳላየው አልምልልሽም። ብዙ ዓይነት ዲስክ ያለበት ቦታ ሄጄ አንድ በአንድ እሞክረዋለሁ። ዛሬ ባሕር ዳር ባድር ነገ አዲስ አበባ ነኝ።»

«ሰኞ ወንበሬ ላይ ሰው ይጠብቀኛል።»

«አውቃለሁ።»

ማሽኑንም አሮጌውን ዲስክም በሁለት እጇ ወደ እኔ ገፋች። «በይ ውሰጂው።»

አሮጌውን ዲስክ ለየሁት። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ከፍላሹ ጋር ለእሷ ሰጠኋት።

«ይሄ ዓባይን አይሻገርም። መንገዱ ይንጠዋል። አንቺ ጋ ይቀመጥ። ልብስ መሐል፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ።»

ተቀበለችኝና በነጠላዋ ጠቀለለችው።

ብሎኖቹን ከጠመኔው መስመር ላይ አንስቼ ወደየቦታቸው መለስኩ። የሸራውን ሆድ ከምስማሩ አወረድኩ፣ አቧራውን አራገፍኩ፣ ማሽኑን ከትቼ ቁልፎቹን ቆለፍኩ። ካሊፐሩን ኪሴ ከተትኩ። ጥቁሩን ጨርቅ አጠፍኩና እሱንም ያዝኩት። በሩን ዘግቼ ቁልፉን እትዬ ሐሊማ ዘንድ አኖርኩ። ሸራውን ትከሻዬ ላይ አነገትኩና ወደ መናኸሪያ ወረድኩ።